ማካዳም፦ ከተሳደደ ወገን መሸሸጊያነት ወደ መንገድ መጠሪያነት

በመንገድ ሥራ የተሰማራ መሐንዲስ ማካዳም የሚለውን ቃል በንድፍ ክፍልም ሆነ በግንባታ ቦታ ዘወትር ያነሣዋል። ቃሉ በተወሰነ መጠን ተሰብሮ በንብርብር የተጠቀጠቀ የድንጋይ ንጣፍን እንደሚያመለክትም ጠንቅቆ ያውቃል። ይሁን እንጂ ማካዳም የመንገድ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የሰው ስም፣ ከዚያም በፊት የአንድ የተሳደደ ወገን መሸሸጊያ እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ስሙ ከጎሣ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ሥራ የተሻገረበት መንገድ የስኮትላንዳዊው የጆን ላውደን ማክአዳም የሕይወት ታሪክ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስኮትላንድና የአይርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ በሆነው በጌይሊክ ማክ ማለት ልጅ ማለት ነው። አንዳንዶች በሙሉ ሲጻፍ የስኮትላንድ፣ ባጭሩ ሲጻፍ የአይርላንድ ነው ቢሉም፣ ልዩነቱ የአጻጻፍ ልማድ እንጂ የትውልድ ምልክት አይደለም። በቀደመው ዘመን በዚያም አገር ሰው የሚጠራው እንደ እኛው ልማድ በአባቱ ስም ስለ ነበር፣ መጠሪያው በየትውልዱ ይለዋወጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የአንድ አያት ስም ጸንቶ ለተከታዩ ዘር ሁሉ የወል መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ ማክአዳም የአዳም ልጅ ማለት ሲሆን፣ ስሙን የያዙ ሁሉ ከአንድ አባት የተወለዱ አይደሉም። በደቡብ አይርላንድ በኮርክ፣ ከኖርማን መሳፍንት የሚወለደው የባሪ ቤተሰብ አንዱ ወገን የጌይሊክን ልማድ ተከትሎ በዚህ ስም ተጠርቷል። ወደ ሰሜን አይርላንድ ደግሞ ከስኮትላንድ የተሻገሩ ሰፋሪዎች ይዘውት ገብተዋል።

የመንገዱ ሰው ቤተሰብ ስሙን ያገኘበት ምክንያት ከእነዚህ የተለየ ነው። በቤተሰቡ ትውፊት መሠረት ቀደምት አያቶቹ ማክግሬገር፣ ማለትም የጎርጎርዮስ ልጅ፣ ይባሉ ነበር። የማክግሬገር ጎሣ በ1603 ዓ.ም. በግሌን ፍሩን ሸለቆ ከኮልሁን ጎሣ ጋር ተዋግቶ ብዙ ሰው ስለ ገደለ፣ የንጉሥ ጄምስ አማካሪ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ስሙን ራሱን አገደ። ማክግሬገር ተብሎ መጠራት በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። የጎሣው ሰዎች ወይ ስማቸውን ወይ ሕይወታቸውን መምረጥ ግድ ስለ ሆነባቸው ብዙዎቹ የሌላ ጎሣ ስም ተዋሱ። ከእነርሱም አንዱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ሸሽቶ የአዳም ልጅ የሚለውን ስም እንዳወጣ ቤተሰቡ ይተርክ ነበር። የሰው ዘር ሁሉ የአዳም ልጅ ነውና፣ ለመሰወር ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እገዳው በ1661 ተነሥቶ፣ በ1693 ተመልሶ ጸንቶ፣ በመጨረሻ የተሻረው በ1774 ነው። ቤተሰቡ ግን ወደ ቀድሞው ስም አልተመለሰም።

ጆን ላውደን ማክአዳም በመስከረም 1756 ኤር በተባለችው የስኮትላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ በ1770 ሲሞት፣ የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ኒው ዮርክ ወደሚኖረው ነጋዴ አጎቱ ተላከ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘመን ከእንግሊዝ ንጉሥ ወገን ቆሞ፣ በባሕር ላይ የተማረኩ መርከቦችን ንብረት በማሻሻጥ ሀብት አካበተ። ጦርነቱ በአሜሪካኖች ድል ሲፈጸም አብዛኛው ንብረቱ ተወረሰ፤ በ1783 በቀረው ገንዘብ አገሩ ገብቶ ርስት ገዛ።

ከ1787 ጀምሮ በአውራጃው የቀረጥ መንገዶች ባለአደራ ቦርድ አባል ሆኖ ሲያገለግል፣ የመንገዶቹ ብልሽት የገንዘብ እጥረት ብቻ ያመጣው አለመሆኑን ተረዳ። ከመንገደኛው የሚሰበሰበው ቀረጥ ሥራውን በማያውቁ ሰዎች እጅ ይባክናል፤ መንገዱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ጎድጓዳ ነው። በ1798 በመንግሥት ሥራ ወደ እንግሊዝ ከወረደ በኋላ እስከ 1814 ድረስ በገዛ ወጪው ከ30 ሺህ ማይል በላይ እየተጓዘ መንገዶችን መረመረ።

ከዚህ ጥናት ያገኘው መርሕ ቀላል ነው። የሠረገላውን ክብደት የሚሸከመው ከሥር ያለው የተፈጥሮ አፈር ነው፤ አፈሩ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ አይሰምጥም። ስለዚህ የንጣፉ ዋና ተግባር ውሃን መከላከል ነው። የዘመኑ ታላቅ መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድ በእጅ የተደረደሩ ትልልቅ ድንጋዮችን መሠረት ሲያደርግ፣ ማክአዳም ይህን ውድ መሠረት አስቀረ። መንገዱን ከአካባቢው ከፍ አድርጎ፣ በጎንና በጎን ቦይ አውጥቶ፣ 25 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተሰበረ ንጹሕ ድንጋይ በየንብርብሩ አነጠፈ። አንዱ ድንጋይ ከ6 አውንስ ወይም ከ170 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከአፈርም ጋር እንዳይደባለቅ አዘዘ። የድንጋዮቹ ሾጣጣ ጠርዞች በተሽከርካሪው ጫና እርስ በርሳቸው እየተቆላለፉ ውሃ የማያሳልፍ ገጽ ይሠራሉ። የመንገዱ መኻል ከዳሩ የሚበልጠው በ9 ሜትር ወርድ 7.5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ውሃው እንዲወርድ ሠረገላውም እንዳያጋድል በቂ ነበር።

በ1816 የብሪስቶል ቀረጥ መንገዶች ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሾም መርሑን በሰፊው ተግባር ላይ አዋለ። ከግንባታው ባልተናነሰ ለአስተዳደሩ አሰበ፤ ሥራው በቂ ደመወዝ በሚከፈለውና በሒሳብ በሚጠየቅ ባለሙያ እንዲመራ አጥብቆ ተከራከረ። ድንጋዩን ቁጭ ብለው በትናንሽ መዶሻ የሚሰብሩት ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ስለ ነበሩ፣ ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ ሥራ ላጡ ድሆች የእንጀራ በር ተከፈተ፤ ምንም እንኳ ልጆችን ማሠማራቱ ዛሬ የማይደገፍ ቢሆን።

ተቃዋሚም አላጣም። የተሰበረ ድንጋይ ማንጠፍ ከእርሱ በፊት የታወቀ ነው፣ እርሱና ልጆቹም ብዙ ሹመት ይዘዋል የሚል ክስ ቀረበበት። በ1823 የፓርላማ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ለድካሙ ዕውቅና ሰጠው፤ ወጪውም እንዲተካለት ገንዘብ ተፈቀደ። ክሱ ከፊል እውነት ነበረው፤ ድንጋይ መስበርን ማክአዳም አልፈጠረም። የእርሱ ድርሻ የተበታተነውን ልማድ በምክንያት አስደግፎ፣ በልክ ወስኖ፣ ማንም ሠራተኛ ሊከተለው የሚችል ደንብ ማድረጉ ነው።

በዚያው በ1823 በዚህ ዘዴ የተሠራው የመጀመሪያው የአሜሪካ መንገድ በሜሪላንድ ተከፈተ። በእንግሊዝኛም ስሙ ግሥ ሆኖ መንገድን በጠጠር ማንጠፍ ማለት ሆነ። ማክአዳም ራሱ የክብር ማዕረግ ቢቀርብለት ስላልተቀበለ ማዕረጉ በ1834 ለልጁ ለጄምስ ተሰጠ። እርሱም የትውልድ አገሩን ጎብኝቶ ሲመለስ በኅዳር 1836 ሞፋት በተባለች የስኮትላንድ ከተማ በሰማንያ ዓመቱ ዐረፈ።

ስሙ ግን ጉዞውን ቀጠለ። የአውቶሞቢል ጎማ ጠጠሩን ያያያዘውን ደቃቅ እየመጠጠ አቧራ ሲያስነሣ፣ የዌልስ ተወላጁ ኤድጋር ሁሊ በ1902 ጠጠርን ከሬንጅ ጋር ለማዋሐድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ንጣፉም ታርማክ ተባለ፤ ታር ሬንጅ ነው፣ ማክ ከማካዳም የተቆረጠ ነው። የሚያስገርመው ማክአዳም በወጣትነቱ በስኮትላንድ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚያወጣ ፋብሪካ ያካሄድ ነበር፤ ሆኖም መርከብ ይቀባበት የነበረውን ይህን ሬንጅ ከመንገዱ ጋር አላገናኘውም። በዚህም አዳም ተቆርጦ ቀርቶ ልጅ የሚለው ቃል ብቻ በመንገዱ ላይ ተረፈ። በሞት ቅጣት የታገደውን ስም ለመሸፈን የወጣው መጠሪያ የማይሰወር ሆነ፤ ለዚህ ያበቃው ግን የዘር ሐረግ ሳይሆን በልክ የተሰበረ ድንጋይና የደረቀ አፈር ነው።