ጄምስ ፒተርስ፦ የእንግሊዝ ራግቢ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች

ጄምስ ፒተርስ ለእንግሊዝ የራግቢ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። እ.አ.አ በ1906 የሀገሪቱን ነጭ መለያ ለብሶ ወደ ሜዳ ሲገባ የ26 ዓመት ወጣት አናጢ ነበር። እርሱ ለመጨረሻ ጊዜ ከተሰለፈበት ቀን አንሥቶ ሌላ ጥቁር ተጫዋች ያንኑ መለያ እስኪለብስ ድረስ 80 ዓመታት አልፈዋል። ፒተርስ በራግቢ ሜዳ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል፤ አንድ ጊዜ በቆዳው ቀለም፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በድህነቱ። የሕይወት ታሪኩም ስፖርትን ያለ ክፍያ መጫወት ክብር ነው ይባል በነበረበት ዘመን ክብሩ ለማን እንደተሠራ፣ ዋጋውንም ማን እንደከፈለ የሚያሳይ ነው።

ፒተርስ እ.አ.አ ነሐሴ 7 ቀን 1879 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በሳልፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ፒተርስ ከጃማይካ የመጣ ሰው ሲሆን በሰርከስ ውስጥ አንበሶችን ያለማምድ ነበር። እናቱ ሐና ጎፍ ደግሞ የሽሮፕሸር አውራጃ ተወላጅ ነች። ልጁ ገና ሕጻን ሳለ አባቱን ያለማምዳቸው የነበሩት አንበሶች በመለማመጃው ጎጆ ውስጥ ገደሉት። ቤተሰቡም ያለ አሳዳሪ ቀረ።

እናቱ ልጇን ለማሳደግ አቅም አልነበራትም። ትንሹ ጄምስ ለሌላ የሰርከስ ቡድን ተሰጠ፤ በዚያም ያለ ኮርቻ ፈረስ እየጋለበ ትርኢት ማሳየት ተማረ። ከከተማ ከተማ በሚዞረው ድንኳን ሥር ጥቂት ዓመታትን ካሳለፈ በኋላ ክንዱ ተሰበረ። መጋለብ ያልቻለ ልጅ ለሰርከሱ ጥቅም አልነበረውምና በ11 ዓመቱ ጥለውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሳደጉት በለንደን የሚገኙ ወላጅ አልባ ሕጻናት ማሳደጊያዎች ናቸው። መጀመሪያ በሳውዝዋርክ፣ ቀጥሎም በግሪኒች በሚገኝ ማሳደጊያ ገባ። የማተሚያ ቤትና የአናጢነት ሙያ የቀሰመው፣ ከስፖርትም ጋር የተዋወቀው በእነዚህ ዓመታት ነው። በሩጫና በዝላይ ከእኩዮቹ ሁሉ ልቆ ታየ፤ በክሪኬትና በራግቢም የልጆቹ ቡድን አለቃ ሆነ። ክንዱ ተሰብሮ የተጣለው ልጅ ራሱን የሚያስከብርበት መስክ አገኘ።

ራግቢ በሞላላ ኳስ የሚካሄድ ብርቱ ጨዋታ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሷን በእጅ ይዞ መሮጥ ይፈቀዳል፤ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ግን ክልክል ነው። ዋናው ነጥብ የሚገኘው ኳሷን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ባሻገር ወስዶ መሬት በማስነካት ሲሆን ይህም ትራይ ይባላል። በፒተርስ ዘመን አንድ ትራይ 3 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ፒተርስ የተጫወተው ከፊት የሚታገሉት ጉልበተኞች ያወጡትን ኳስ ተቀብሎ ለኋለኞቹ ሯጮች በሚያደርስ የአቀባይነት ስፍራ ላይ ነው። ይህ ስፍራ ፈጣን እጅና ንቁ ዐይን ይፈልጋል።

የጨዋታው የበላይ ጠባቂ በ1871 የተቋቋመው የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር ነበር። ማኅበሩን የሚመሩት በአብዛኛው በታላላቅ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ባለጸጎች ናቸው። በእነርሱ እምነት ራግቢ የጨዋዎች መዝናኛ እንጂ የእንጀራ ምንጭ ሊሆን አይገባውም። ነገር ግን በሰሜን እንግሊዝ የሚጫወቱት የማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ቅዳሜ ለግጥሚያ ሲወጡ የዕለት ደመወዛቸው ይቀርባቸው ነበር። ክለቦቻቸው ለባከነው የሥራ ጊዜ ካሳ እንዲከፈል ጠየቁ፤ ማኅበሩ በ1893 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። በነሐሴ 1895 በሐደርስፊልድ ከተማ በአንድ ሆቴል ተሰብስበው 22 ክለቦች ከማኅበሩ ተገንጥለው ወጡ፤ ሰሜናዊ ኅብረት የተባለውንም አቋቋሙ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ጨዋታ መነሻው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ኅብረቱ የተሻገረ ተጫዋች ወደ ቀድሞው ራግቢ እንዳይመለስ ዕድሜ ልኩን ይታገድ ነበር።

ፒተርስ ሥራ ፍለጋ ወደ ብሪስቶል የሄደው ይህ መለያየት በተፈጠረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በዚያም ከትናንሽ ቡድኖች ተነሥቶ የከተማዋ ዋና ክለብ ተጫዋች እስከመሆን ደረሰ። የእርሱ መመረጥ ግን ሁሉንም አላስደሰተም። ጥቁር ሰው ለክለቡ መሰለፉን በመቃወም አንድ የኮሚቴ አባል ሥልጣኑን እንደለቀቀ ይነገራል። አናጢው ወጣት በ1902 ብሪስቶልን ለቅቆ የመርከብ መሥሪያና መጠገኛ ስፍራ ወደሚገኝባት ወደ ደቡብ ምዕራቧ የወደብ ከተማ ወደ ፕሊመዝ አመራ።

ፕሊመዝ ለፒተርስ ሁለተኛ የትውልድ ከተማው ሆነች። በሳምንቱ ቀናት በእንጨት ሥራ እየዋለ ቅዳሜ ለፕሊመዝ ክለብ ይሰለፋል። ለዴቨን አውራጃ ቡድንም ተመረጠ፤ በዚያም ከራፋኤል ጃጎ ጋር ተጣመረ። ጃጎ ኳሷን ያወጣል፣ ፒተርስ ይቀበላል፤ ቀጥሎ የሚሆነውን የሚወስነው እርሱ ነበር። ሁለቱ በመናበባቸው የታወቁ ሆኑ። ዴቨን በ1906 የአውራጃዎች ሻምፒዮን ሲሆን ፒተርስ ከቡድኑ ምሰሶዎች አንዱ ነበር።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ውጤት አጥቶ ነበር። በ1905 መጨረሻ በኒውዚላንድ 15 ለ 0 ተሸንፏል፤ በ1906 መጀመሪያም ለዌልስና ለአየርላንድ እጁን ሰጥቷል። በችሎታው ፒተርስ ከዚያ ቀደም ብሎም ሊጠራ ይገባ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መራጮቹ ከስኮትላንድ ጋር ለሚደረገው ግጥሚያ ፒተርስንና ጃጎን በአንድነት ጠሩ። አንዳንድ ጋዜጦች ምርጫው በዘር ምክንያት በብዙዎች ዘንድ አለመወደዱን ጻፉ።

መጋቢት 17 ቀን 1906 በኤደንብራ ከተማ እንግሊዝ ስኮትላንድን 9 ለ 3 አሸነፈች። ጋዜጦች ስለ ፒተርስ የኳስ አቀባበልና አሰጣጥ በጎ ቃል ጻፉ። ከ5 ቀናት በኋላ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር የመጀመሪያዋ የሆነውን ግጥሚያ በፓሪስ አድርጋ 35 ለ 8 ረታች፤ ፒተርስም በዚህ ጨዋታ ትራይ አስቆጠረ። ሁለት ጊዜ ተሰልፎ ሁለት ጊዜ አሸነፈ። ቦታው የጸና መሰለ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የደቡብ አፍሪካ ቡድን በፖል ሩስ አለቅነት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብሪታኒያ መጣ። በብሪታኒያና በቦሮች መካከል የተካሄደው ጦርነት ካበቃ ገና 4 ዓመቱ ነበርና ጉዞው የእርቅ ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ። የእንግዶቹ ቡድን ነጮችን ብቻ የያዘ ሲሆን በሀገራቸውም ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ አይጋጠሙም ነበር። በጥቅምት ወር ከዴቨን ጋር ለመጫወት ፕሊመዝ ሲደርሱ የዴቨን አቀባይ ጥቁር መሆኑን አዩ። ከእርሱ ጋር አንጫወትም ብለው ከመልበሻ ክፍላቸው ለመውጣት እንዳንገራገሩ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ ሲጠባበቅ የሀገራቸው ከፍተኛ ኮሚሽነር ለምነው እንዳስወጧቸው ይነገራል። ጨዋታው ተካሄደ፤ ፒተርስም በሜዳው ላይ ነበር።

ሌላው ፈተና የመጣው በታኅሣሥ ነው። እንግሊዝ ታኅሣሥ 8 ቀን 1906 በለንደን ክሪስታል ፓላስ ደቡብ አፍሪካን ስትገጥም ፒተርስ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም። ጨዋታው 3 ለ 3 በሆነ ውጤት ተጠናቀቀ። በመጋቢት ሁለት ግጥሚያ አሸንፎ የወጣው ሰው በታኅሣሥ ሊቀር የቻለው እንግዶቹ እንዳይከፉ በመታሰቡ እንደሆነ የጨዋታውን ታሪክ ያጠኑ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የእርቁ ድግስ እንዳይበላሽ ከማዕዱ የተነሣው ፒተርስ ሆነ።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ቀጥሎ የተፈጸመው ነው። ደቡብ አፍሪካውያኑ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ ፒተርስ በ1907 ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ጋር በተደረጉት ግጥሚያዎች እንደገና ተጠራ። ችሎታው አልቀነሰም ነበር ማለት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ለእንግሊዝ የተሰለፈው በጥር 1908 ከዌልስ ጋር ነው። ግጥሚያው የተካሄደው የወጣትነት ጨዋታውን በጀመረባት በብሪስቶል ሲሆን ሜዳውን የሸፈነው ጭጋግ እጅግ የከበደ ስለነበር ተመልካቾች ጨዋታውን ለማየት ተቸግረዋል። ዌልስ 28 ለ 18 አሸነፈች። የፒተርስ የብሔራዊ ቡድን ታሪክ በ5 ግጥሚያዎች ተዘጋ።

ከዚያ በኋላም ለፕሊመዝና ለዴቨን መጫወቱን ቀጠለ። በ1910 ግን በመርከብ መሥሪያው ስፍራ በደረሰበት አደጋ ሦስት ጣቶቹን አጣ። ለአናጢ ጣት የእንጀራው መሣሪያ ነው፤ ኳስ ተቀብሎ ለሚያቀብል ተጫዋችም እንዲሁ። ብዙዎች ዳግም አይጫወትም ብለው ነበር። እርሱ ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላ በቀሩት ጣቶቹ ኳስ መያዝን እንደ አዲስ ተለማምዶ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ እስከ 1912ም ተጫወተ።

በዚያ ዓመት ሁለተኛው በር ተዘጋበት። የሰሜኑ ኅብረት ደጋፊዎች በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ክለቦችን ለማቋቋም ይንቀሳቀሱ ነበርና የራግቢ ማኅበሩ በዴቨን ማን ገንዘብ እንደተቀበለ መመርመር ጀመረ። ፒተርስም ከክለብ ክፍያ ተቀብሏል በሚል ታገደ። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ሦስት ጣቶቹን በሥራ ላይ ያጣ አናጢ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሕዝብ ከፍሎ ሲያየው ከኖረው ጨዋታ ገንዘብ መውሰዱ ነውር ተባለ። የጨዋታውን ሕግ የጻፉት ሰዎች ቅዳሜን ለመዝናናት ደመወዝ አይቀርባቸውም ነበር። ለእነርሱ ቀላል የነበረው ሕግ ለእርሱ ሸክም ነበር።

ፒተርስ ዕድሜው 33 ሞልቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙ ተጫዋቾች ጫማቸውን የሚሰቅሉበት ዕድሜ ነው። እርሱ ግን ወደ ተወለደበት ወደ ሰሜኑ ምድር ተመልሶ ከተገንጣዮቹ ጋር ተቀላቀለ። በ1913 ለባሮው፣ በ1914 ደግሞ ለሴንት ሄለንስ ፈረመ። የሰሜኑ ኅብረት የተጫዋቾቹን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አድርጎ ስለነበር ጨዋታውም ለእርሱ አዲስ ነበር። በመጨረሻዎቹ የተጫዋችነት ዓመታቱ ለላቡ በግልጽ፣ ሳይደበቅና ሳያፍር የሚከፈለው ሰው ሆነ። ዕድሜው ግን ገፍቶ ነበርና ይህ የሥራ ዘመን ረጅም አልሆነም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ወቅት ከሜዳ ተሰናበተ።

ከዚያም ወደ ፕሊመዝ፣ ወደ አናጢነት ሥራው ተመለሰ። ቀሪ ዘመኑንም በዚያች ከተማ በጸጥታ አሳለፈ። እ.አ.አ መጋቢት 26 ቀን 1954 በ74 ዓመቱ በፕሊመዝ ዐረፈ። ለብዙ ዓመታትም ስሙ ከዴቨን ውጭ እምብዛም አይነሣም ነበር።

ስሙ እንደገና የተነሣው በ1988 ነው። ከናይጄሪያ ቤተሰብ የተወለደው ክሪስ ኦቲ ለእንግሊዝ ሲሰለፍ ከእርሱ በፊት ያንን መለያ የለበሰ ጥቁር ተጫዋች ማን እንደነበር ተጠየቀ። መልሱ በ1908 በብሪስቶል ጭጋግ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው አናጢ ነበር። የራግቢ ማኅበሩ አጥብቆ የጠበቀው ሁለተኛው አጥርም ከ7 ዓመታት በኋላ ፈረሰ፤ የዓለም አቀፉ የራግቢ አስተዳደር በነሐሴ 1995 ለተጫዋቾች መክፈልን ፈቀደ። ይህም የሰሜኑ ክለቦች ለባከነ የሥራ ቀን ካሳ ጠይቀው በተገነጠሉ ልክ በመቶ ዓመቱ መሆኑ ነው።

እንግሊዝ በ2003 የዓለም ዋንጫን ስታነሣ በፍጻሜው ጨዋታ ለቡድኗ ትራይ ያስቆጠረው ጄሰን ሮቢንሰን ነበር። አባቱ እንደ ፒተርስ አባት የጃማይካ ሰው ናቸው። ሮቢንሰን በሰሜኑ ራግቢ ሊግ እየተከፈለው ተጫውቶ ካደገ በኋላ ወደ ራግቢ ዩኒየን የተሻገረ ሲሆን ኋላም የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኗል። ፒተርስ በእገዳ ተገፍቶ ያለፈበትን መንገድ ሮቢንሰን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በክብርና በውል ተጉዞበታል።

ጄምስ ፒተርስ ለእንግሊዝ የተጫወተው 5 ጊዜ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ የሆነበት ምክንያት ግን በእግሩ ፍጥነትም ሆነ በእጁ ብልሃት አልተገኘም። ዛሬ የቆዳ ቀለሙ ሳይጠየቅ የሚሰለፍ፣ ለድካሙም የሚገባውን ደመወዝ የሚቀበል የእንግሊዝ ራግቢ ተጫዋች ሁሉ ሁለቱም መብቶች የተነፈጉት አንድ አናጢ ቀድሞት በዚያው ሜዳ ላይ እንደሮጠ ሊያስታውስ ይገባዋል።