ኤድዋርድ አንድራዴ፦ ከእርሳስ ሽቦ እስከ ብረታማ መስታወት

የብረታ ብረት ክሪፕ፣ ማለትም በማያቋርጥ ጫና ሥር ቀስ በቀስ የሚከሰት ዘላቂ የቅርጽ ለውጥ፣ ጥናት ፈር ቀዳጅ የሆኑት ኤድዋርድ አንድራዴ እ.ኤ.አ. በ1887 በለንደን ተወለዱ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምረው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በሃይደልበርግ አገኙ። በ1914 ከራዘርፎርድ ጋር የጋማ ጨረርን የሞገድ ርዝመት ለኩ።

ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው ግን በ1910 ባሳተሙት ጥናት ነው። ክብደት የተንጠለጠለበት የእርሳስ ሽቦ ሲለጠጥ ይቀጥናል፤ ክብደቱ ባይለወጥም ውጥረቱ ይጨምራል። ስለዚህ የመለጠጡ ፍጥነት ከብረቱ ባሕርይ ይምጣ ከውጥረቱ ለውጥ መለየት ያዳግታል። አንድራዴ ልዩ ቅርጽ ያለው ክብደት አዘጋጅተው፣ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ክብደቱ በፈሳሽ ውስጥ እየሰጠመ ጫናው በተመጣጣኝ እንዲቀንስ አደረጉ። ውጥረቱ ሲጸና፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ መለጠጥ ከጊዜ ኩብ ሥር ጋር እንደሚያድግና ቋሚ ፍጥነት ያለው ፍሰት እንደሚታከልበት አሳዩ።

በ1935 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ። የመጀመሪያው ብረታማ መስታወት፣ ከወርቅና ከሲሊከን ቅልጥ በፈጣን ማቀዝቀዝ፣ በ1960 በካሊፎርኒያ ሲገኝ በሕይወት ነበሩ፤ በ1971 ዐረፉ።

ዛሬ ብረታማ መስታወት በናኖኢንደንቴሽን ሲፈተን የአንድራዴ ችግር ተገልብጦ ይመለሳል። ጫናው ቋሚ ሆኖ የአልማዙ ጫፍ በጠለቀ ቁጥር የንክኪው ስፋት ይጨምራል፤ ውጥረቱም ይቀንሳል። ይህን ሳያገናዝቡ ከጥልቀትና ከጊዜ ብቻ የተሰላ የክሪፕ መለኪያ የቁሱን ባሕርይ ከፈተናው ጂኦሜትሪ ጋር ያደባልቃል። የአንድራዴ ሥራ ዋና ትምህርትም ውጥረቱ ሳይታወቅ የክሪፕ ሕግ እንደማይጻፍ ነው።