ቤት ላይ ቤት የሠራው ሰው

ጎንደር ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው የፋሲል ግንብ ነው። ግንቡ ግን ከሰማይ ዱብ አላለም። ጎንደር በ1636 ከመቆርቆሯ በፊት (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጎርጎራ ላይ፣ ደንቀዝ ላይ፣ እዚሁ እኛ አዘዞ ላይ የድንጋይ ሥራ ተሞክሯል። ዛሬ የማጫውታችሁ ከዚያ ሙከራ ጀርባ ከነበሩት ስለ አንዱ ነው፤ ስለ ጴጥሮስ ፓኤዝ። የአገሩ ሰዎች ፔድሮ ይሉታል።

ስለ እሱ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይነሳል። አንዱ የዓባይን ምንጭ ማየቱ፣ ሁለተኛው አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት ማምጣቱ። እኔን በጣም የሚስበኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ ግንበኛነቱ።

ፓኤዝ በ1564 ማድሪድ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የኢየሱሳውያን ማኅበር ገባና በ1588 ህንድ ጎዋ ደረሰ። በዓመቱ ከአንድ ሽማግሌ ባልንጀራው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። መንገድ ላይ ግን በዓረብ ባሕር ዳርቻ ተያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፊልም ይወጣዋል። የሐድራሞትን በረሃ አቋርጠው የመን ገቡ፣ ታሰሩ፣ መርከብ ላይ በሰንሰለት ታስረው ቀዘፉ። ቡና የቀመሰውም በዚሁ ጉዞ ነው። ቤዛ ተከፍሎለት የተፈታው በ1596 ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አገሬ ይሻለኛል ብሎ ይመለስ ነበር። እሱ ግን በ1603 እንደ አርመን ለብሶ በምፅዋ ገባና አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ደረሰ።

ፍሬሞና ተቀምጦ ሌላ ነገር ከመጀመሩ በፊት ቋንቋ ተማረ፣ አማርኛም ግዕዝም። በ1604 አፄ ዘድንግል አስጠሩት፣ ወደዱትም። ንጉሡ ግን በዚያው ዓመት በተነሳባቸው ዐመፅ ተገደሉ። ሱስንዮስ ዙፋኑን ሲይዙ ፓኤዝ ወዳጃቸው ሆነ፤ ጎርጎራ ላይ መሬት ሰጡት።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ንጉሡ ፎቅ ያለው ቤተ መንግሥት ፈለጉ። ፓኤዝ ደግሞ ቄስ ነው፤ አርኪቴክት አይደለም። የሚስዮናውያኑ ታሪክ እንደሚለው ከመሣሪያው ነው የጀመረው። መዶሻውን፣ መሮውን፣ ሌላውንም ራሱ እያሠራ ድንጋይ መጥረብን ለአገሬው ሰው አስተማረ። ጣናን ቁልቁል የሚያይ፣ ሰገነት ያለው ባለ ሁለት ደርብ ቤት ቆመ። ሰው ከሩቅ እየመጣ አየው፣ ስሙንም ቤት ላይ ቤት አለው።

ይሄ ለምን ከባድ ሆነ? አስቡት። የላይኛው ደርብ ክብደት በታችኛው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ የግድግዳው ውፍረት ከመሠረቱ መታወቅ አለበት። ደረጃ የሚወጣበት ቦታ ወለሉን ይቀዳል፤ እንጨቱ ከመጋደሙ በፊት መወሰን አለበት። ሰገነቱ ላይ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፤ ውሃው ወዴት ይሂድ? በጭቃ በተገነባ ግድግዳ ውስጥ ከገባ ቤቱን ያፈርሰዋል። በዚያ ላይ የአገራችን ኖራ ለግንባታ መዋል የጀመረው በ1621 አካባቢ ነው ይባላል፣ ያውም ከህንድ በመጣ ባለሙያ አማካይነት። የጎርጎራው ቤት ግን ከዚያ ይቀድማል። ድንጋዩ፣ እንጨቱ፣ ደረጃው፣ በሩ፣ ውሃው፣ አምስቱም አንድ ላይ መታሰብ ነበረባቸው።

እስቲ ይህን ከዛሬ ሳይት ጋር አነጻጽሩት። ሶሌታው ይሞላል፣ ግድግዳው ይገነባል፣ ይለሰናል። ከዚያ የመብራት ሠራተኛው መጥቶ ልስኑን ይፈነቅላል። እሱ ሲደፍን የቧንቧው ሰው ይመጣና ሶሌታውን ይበሳል፤ አንዳንዴም ፌሮ ይቆርጣል። ማንም ሰነፍ አይደለም፤ ሁሉም የየራሱን ሥራ ጨርሷል። ኢኮኖሚክስ ስማር ከገባኝ ነገር አንዱ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ ለራሱ የሚረክሰውን መንገድ ሲመርጥ የተረፈው ወጪ አይጠፋም፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ይተላለፋል። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። ወረቀት ላይ መስመር ማዛወር ላጲስ ብቻ ይፈልጋል፤ የቆመ ኮንክሪት ማዛወር ግን ዕዳ ነው።

ስለዚያ ቤት የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ፓኤዝ ወደ ላይ በሚያወጣው በር ላይ ሲዘጋ ራሱ የሚቆለፍ ቁልፍ ገጥሞ ነበር። አንድ ቀን ሊገድሏቸው ያሰቡ ሹማምንት ንጉሡ ዘንድ ገቡ። ንጉሡ ተነስተው ወደ ሰገነቱ ሲወጡ በሩ ከኋላቸው ተዘጋና ተቆለፈ፤ ተረፉ ይላል የሚስዮናውያኑ ታሪክ። በሩን የሠራውና ደረጃውን ያሰበው አንድ ጭንቅላት ባይሆን ኖሮ ያ በር እዚያ ቦታ ላይ አይገኝም ነበር።

ሚያዝያ 1618 ፓኤዝ ከንጉሡ ጋር ተጉዞ ሰከላ ላይ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እዚያው የደረሰው በ1770 ነው። ፓኤዝ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጽፎ ጨረሰና ግንቦት 1622 ጎርጎራ ላይ አረፈ። መጽሐፉ የታተመው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። ግን ያልተነገረ ዕዳ አለ። ሱስንዮስ እምነታቸውን በይፋ የለወጡት ፓኤዝ ሊሞት ሲል ነው። ከዚያ በፊትም ደም ፈሷል፤ በ1617 በተነሳው ዐመፅ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሳይቀሩ ሞተዋል። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ደግሞ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ አሉ። አገሩ ነደደ። በ1632 ሱስንዮስ ከብዙ እልቂት በኋላ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው፣ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። በዚያው ዓመት ሞቱና እዚሁ አዘዞ፣ ባሠሩት በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

ሰዎች ሁሉንም ጥፋት ሜንዴስ ላይ ሲጭኑ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ፓኤዝ ትሑት ነበር፣ ቋንቋችንን አውቆ፣ ታግሦ ሠርቷል። ግን ንጉሡ ከተለወጠ አገሩ ይከተላል ብሎ ያመነው እሱም ነው። ቤት ሲሠራ ከታች ወደ ላይ ነው ያሰበው፤ ሃይማኖቱን ግን ከላይ ወደ ታች ሊያቆመው ሞከረ። ክብደቱን የሚሸከመው ገበሬው ነበር፤ ገበሬውን ማንም አልጠየቀውም።

ፋሲል ሚስዮናውያኑን አባረሩ፤ ሙያውን ግን አላባረሩም። ኖራውን የሚያቃጥለው፣ ድንጋዩን የሚጠርበው የአገሬው እጅ ሆኖ ነበርና ጎንደር ተሠራች። የእነዚያን ግንበኞች ስም ብጽፍላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላውቀውም።

አዘዞን የምናውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋና በቢራ ፋብሪካዋ ነው። የገነተ ኢየሱስን ፍርስራሽ ግን ከማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቆፍረው አጥንተውታል፤ የንጉሡ የውሃ ገንዳ ሳይቀር። ከአዘዞ በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ ብትወርዱ ደግሞ የማርያም ግምብ ፍርስራሽ አለ። ሄዳችሁ እዩት። ፎቶ ስታነሱ ጌጡን ብቻ አትዩ፤ ውሃው በየት ይወርድ እንደነበርና የላይኛው ክብደት የት ላይ ያርፍ እንደነበር ፈልጉ። ነገ የራሳችሁን ቤት ስታሠሩም ግንበኛውን፣ የመብራት ሠራተኛውንና የቧንቧውን ሰው፣ መሠረት ሳይቆፈር አንድ ቀን ቡና አፍልታችሁ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። የቡናው ዋጋ ከመሮው ይረክሳል።