ከውቤ ሰፈር እስከ ካፍ ወንበር

ፒያሳንና አራዳን የሚያውቅ ሰው ውቤ በረሃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው መሸታ ቤቱ፣ ጭፈራውና የሌሊት ወሬው ነው። የደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድን ስም የያዘው ይህ ሰፈር ግን በኳሳችን ታሪክ ውስጥም ቦታ አለው። በጣልያን ወረራ ዘመን ቅዱስ ጊዮርጊስ በስሙ መጫወት ተከልክሎ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተገዶ ነበር። ከክለቡ የያኔ ወጣቶች አንዱ ኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ ለ15 ዓመት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በዘመን መለወጫ ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጅየው አዲስ አበባ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። ከአባታቸው ዜማ ይልቅ ግን ልባቸውን የሰረቀችው ኳስ ሆነች።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ያኔ ክለብ ማለት ቢሮና በጀት ያለው ድርጅት አይደለም። ኳሱም መለያውም የሚገዛው አባላቱ ሳንቲም አዋጥተው ነው። ደመወዝ ብሎ ነገር የለም፣ የፊርማ ገንዘብማ ጭራሽ አይታሰብም። ይድነቃቸው በዚህ ክለብ 23 ዓመት ተጫውተው በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ይመዘገብላቸዋል።

ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ኳሱም በቀለም ተከፈለ። ነጩ ከነጭ፣ ሐበሻውም ከሐበሻ ጋር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። ቡድኖቹም የጣልያን ስም ተለጠፈባቸው። ያንን ያየ ወጣት ሜዳ ላይ ሰውን በቀለሙ መለየት ምን እንደሆነ ከማንም መማር አላስፈለገውም። ነገሩ ከዓመታት በኋላ ካርቱም ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ከነፃነት በኋላ በከተማዋ ጎልተው ይታዩ የነበሩት የውጭ ሰዎች ቡድኖች ናቸው። ጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ አርመኖቹ አራራት፣ ግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የወሰደው እንኳ የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ነው። ጊዮርጊስ ለዋንጫው እስከ 1950 መጠበቅ ነበረበት። ይድነቃቸው ታዲያ መጫወቱ ብቻ አልበቃቸውም። ጫማቸውን ሳይሰቅሉ እ.ኤ.አ. በ1943 ከተቋቋመው ፌዴሬሽን መሥራቾች አንዱ ሆኑ። ኢትዮጵያን በመወከል ወደ ውጭ መመላለስም ጀመሩ።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካፍን ለመመሥረት ተሰበሰቡ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስትል ከመጀመሪያው አፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ይድነቃቸው በዚህ አቋም የጸኑት ዕድሜያቸውን ሙሉ ነው። ውድድሩ ግን በሦስት አገር ብቻ ተካሄደ። ኢትዮጵያም በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተረታች።

ብድሩ የተመለሰው አዲስ አበባ ላይ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በይድነቃቸው የሚሠለጥነው ብሔራዊ ቡድን ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ገጠመ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌና ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው 4 ለ 2 አለቀ። ከውድድሩ በፊት የጣልያን ደም ያለበት ሉቺያኖ አምበል ሆኖ ዋንጫ እንዳይቀበል የፈለጉ ሰዎች እንደነበሩ፣ ይድነቃቸውም አሻፈረኝ እንዳሉ ይነገራል። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው።

ከሜዳ ውጭ ያለው ፍልሚያ ከዚህ ይከብድ ነበር። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ የሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህ ፍርደ ገምድል ነው ብለው ተነሱ። የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ በዘመኑ ገናና የነበረው የጋና ቡድን እንኳ ዓለም ሳያየው ቀረ። ለ1970 ግን አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች። ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ይህ ግትርነታቸው አብሯቸው ገባ። ሁሉም አልወደደላቸውም። የአፍሪካ ልጆች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ካፍም ከ1965 እስከ 1982 አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ ከባሕር ማዶ ከሁለት በላይ ተጫዋች እንዳያሰልፍ ከልክሎ ቆይቷል። ሕጉ የአገር ውስጥ ሊጎችን ለመጠበቅ የታሰበ ቢሆንም ምርጥ ልጆቻቸው የቀሩባቸው አገሮች ተጎድተናል ማለታቸው አልቀረም። የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ በካፍ ውድድር ላይ እንዳይገባም ተሟግተዋል። ገንዘብ ለሚያስፈልገው ድርጅት ይህ ከባድ ምርጫ ነበር። ስሙ በመሸታ በሚነሣ ሰፈር ስም ከተጠራ ክለብ ለወጣ ሰውም የሚገርም ነው።

የደቡብ አፍሪካን ነገር ግን አንድም ቀን አልተዉም። ፊፋ አገሪቱን እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያባርር እሳቸው በካፍ ወንበር ላይ ነበሩ።

ይድነቃቸው ተሰማ በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። 66ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ የቀራቸው ከሳምንታት አይበልጥም ነበር። ካሜሩን ጣልያን ላይ ሩብ ፍጻሜ ስትገባ አላዩም፤ ያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1992 ወደ ውድድር ተመለሰች። በ1996 በገዛ ሜዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበትን ቡድን በአምበልነት የመራው ኒል ቶቪ ነጭ ነበር። አጠገቡ የቆሙት ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። በ1949 ካርቱም ላይ የተጠየቀው ይህንኑ የሚመስል ቡድን ነበር።