ሳንፎርድ፦ ከገዳሪፍ ድንበር እስከ አዲስ አበባው ትምህርት ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ‘ሳንፎርድ’ ሲባል ብዙዎች የሚያስታውሱት ትምህርት ቤቱን ነው። ስሙ በኢትዮጵያ ታሪክ ጎልቶ የተጻፈው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከገዳሪፍ ወደ መተማ በሚወስደው የሱዳን ምሥራቃዊ ድንበር ላይ ነበር።

ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ በአውሮፓውያኑ 1882 በእንግሊዝ አገር ከአንድ የአንግሊካን ካህን ቤተሰብ ተወለዱ። የመድፈኛ ጦር መኮንን ሆነው በኤደንና በሕንድ አገለገሉ፤ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩትም በ1907 ነው። ቆይተውም በሱዳን መንግሥት ሥር ሠሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከባለቤታቸው ክሪስቲን ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በሚገኘው ሙሎ እርሻ አቋቋሙ። ስድስት ልጆች ያፈሩት ባልና ሚስት በዚያ ኑሮ ከአገሩ ሰው ጋር ተላመዱ። በኋላ በጦርነት ጊዜ ያገለገላቸውም ይኸው ትውውቅ ነበር።

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ሳንፎርድ በማጂ የአገረ ገዢው አማካሪ ነበሩ። ከወረራው በኋላ አገሩን ለቀው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። በ1939 ግን ጄኔራል ዌቭል ወደ ካይሮ ጠርተው ከአርበኞች ጋር ግንኙነት የመፍጠሩን ዝግጅት በአደራ ሰጧቸው። ይህም ‘ተልዕኮ 101’ የሚል ስም ተሰጠው።

ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም የኢጣሊያ ጦር ከሰላንና ገላባትን ያዘ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ሰሞን ካርቱም ደርሰው ነበር፤ ሆኖም በእንግሊዝ ሹማምንት ዘንድ ጥርጣሬው ብዙ ነበር። የጎጃም አርበኞች ምን ያህል ኃይል አላቸው? ንጉሠ ነገሥቱ ቢመለሱስ ይቀበሏቸዋል? ይህን አጣርቶ ለማወቅ ጎጃም ድረስ መግባት ግድ ነበር።

ሳንፎርድና ባልደረቦቻቸው ከገዳሪፍ በስተደቡብ ምሥራቅ ከምትገኘው ዶካ ተነሥተው ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም ድንበሩን ተሻገሩ። ወቅቱ የክረምቱ እኩሌታ ነበር። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በዝናብ ጊዜ ሰውንም ከብትንም የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፤ ወንዞቹም ይሞላሉ። ጭነቱ በእንስሳት ጀርባ የሚጓዝ ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝም የኢጣሊያ ምሽጎች ነበሩ። ሳንፎርድ በዚያን ጊዜ የ58 ዓመት ሰው ነበሩ።

ጎጃም ሲደርሱ የጠበቃቸው ችግር የጥይት እጥረት ብቻ አልነበረም። ለዓመታት ጠላትን የተዋጉት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እርስ በርስ ተቀያይመው ነበር። ሁለቱ ካልታረቁ የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ክፍት ሊሆን አይችልም ነበር። በተልዕኮው ጥረት ሁለቱ አርበኞች በአንድነት ለመሥራት ተስማሙ፤ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማም ሕዝቡንና መኳንንቱን የማስተባበሩን ሥራ ያዙ። ሳንፎርድ በፋጉታ ሰፍረው ወደ ካርቱም የላኩት መልእክት ጎጃም ንጉሠ ነገሥቱን ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ደረሱ። የብርጋዴርነት ማዕረግ ያገኙት ሳንፎርድም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኑ።

ከድሉ በኋላ የመጣው ፈተና ግን ከጭቃው መንገድ የቀለለ አልነበረም። ከእንግሊዝ መኮንኖች መካከል ኢትዮጵያን ከጠላት እንደተያዘ ግዛት አድርገው ለማስተዳደር የሚሹ ነበሩ። በአዲስ አበባ የዚህ ወታደራዊ አስተዳደር ኃላፊ የነበሩት ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ ደግሞ የክሪስቲን ወንድም፣ የሳንፎርድ አማች ነበሩ። አንድ ቤተሰብ በሁለት ወገን ተሰለፈ ማለት ነው። ሳንፎርድ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን በመደገፋቸው አንዳንድ የአገራቸው ሰዎች ለኢትዮጵያ እጅግ ያደሉ አድርገው ይመለከቷቸው ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም የተፈረመው ውል የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀ፤ የእንግሊዝን ሰፊ ተጽዕኖ የቀነሰው ግን ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም የተፈረመው ሁለተኛው ውል ነው።

በዚያው በአውሮፓውያኑ 1940ዎቹ ክሪስቲን ሳንፎርድ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት የጻፉት እኚህ ሴት በትምህርት ቤታቸው የኢትዮጵያውያንንና የውጭ አገር ሰዎችን ልጆች በአንድ ክፍል አስቀመጡ። ጦርነቱ የባልየውን ስም አስጠራ፤ በትውልድ አፍ ላይ ያቆየው ግን የሚስትየው ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሳንፎርድ ከመንግሥት ሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ወደ ሙሎ እርሻቸው ተመለሱ። እንደ ብዙዎቹ የጦርነቱ ዘመን መኮንኖች አገራቸው አልገቡም፤ በ1964 ዓ.ም ያረፉትም በኢትዮጵያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ፤ እርሳቸው ያገለገሉት ዘውድም ወደቀ። ትምህርት ቤቱ ግን ከለውጡ በኋላም ማስተማሩን ቀጠለ። በዶካ በኩል በክረምት ጭቃ ድንበር የተሻገሩትን ሰው ታሪክ ብዙም የማያውቁ ልጆች ዛሬም ስማቸውን በየዕለቱ ይጠራሉ።