የሁለቱ ዳርቻዎች ልጅ፦ ሙዓሊም አህመድ ኢብን ማጂድ

 

 የዑለማኦችንና የመሪዎችን ታሪክ በየጊዜው እንሰማለን። መርከበኞችን ግን የሚያነሳቸው የለም። አባቶቻችንን ቀይ ባሕር አሻግረው ለሐጅ ያደረሱት እነርሱ ሆነው ሳለ ስማቸው ተረስቷል። ከነዚህ ሰዎች መካከል ስማቸው ጎልቶ የቀረው የሺሃቡዲን አህመድ ኢብን ማጂድ ነው። አላህ ይዘንላቸው።

ሙዓሊም አህመድ የተወለዱት በ15ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በጁልፋር ነው። ጁልፋር ዛሬ ረአስ አል-ኸይማ በምትባለው የኤምሬትስ ግዛት የነበረች ወደብ ናት። አያታቸውም አባታቸውም ሙዓሊሞች ነበሩ። በባሕር ሰዎች ቋንቋ ሙዓሊም ማለት መርከቡን በኮከብና በነፋስ የሚመራ ባለሙያ ነው። አባታቸው የቀይ ባሕርን የዓረብና የአፍሪካ ዳርቻ አበጥረው ያውቁ ስለነበር የሁለቱ ዳርቻዎች መሪ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። እውቀታቸውንም አል-ሒጃዚያ በተባለ ከ1000 ቤት በላይ ባለው ግጥም አስፍረዋል። ግጥም ያደረጉት ለጨዋታ አልነበረም። እኛ ነህው ስንማር አልፊያን በቃላችን እንደምንይዘው ሁሉ መርከበኛም በጨለማና በማዕበል መካከል ኪታብ መግለጥ አይችልምና ትምህርቱን በልቡ መያዝ ነበረበት። ልጃቸው ይህን ሁሉ ወረሱ። በኋላም ራሳቸው ተጉዘው ካዩት ጋር እያመሳከሩ የአባታቸውን ሥራ አርመዋል። የአባቱን ኪታብ ለማረም የሚደፍር ዛሬም ቢሆን ጥቂት ነው።

የዚያን ዘመን የባሕር ዳርቻ ኑሮ የሚገዛው ነፋስ ነበር። ከኅዳር ገደማ ጀምሮ የሚነፍሰው ነፋስ መርከቦችን ከዓረብ አገር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወስዳል። ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ ተገልብጦ ይመልሳቸዋል። በክረምቱ እኩሌታ ባሕሩ ስለሚናወጥ ወደቦች ይዘጋሉ። ነፋሱ ያመለጠው መርከበኛ በሰው አገር ወራት መቆየት ግድ ይሆንበታል። አንዳንዱም በሄደበት ወደብ ሌላ ትዳር ይመሠርታል። መርከቦቹ በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፉ ሳንቃዎች ነበሩ። ከመካከላችን ልጆቻቸውን ወደዚያው አገር ለሥራ የላኩ እናቶች የጁልፋር ሴቶች እንዴት ይጠብቁ እንደነበር ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

ባልየው ሳይመለስ ቢቀርስ? ይህ ለባሕር ሰው ቤት እውነተኛ ጭንቅ ነበር። ሞቱ ካልታወቀ ሚስቲቱ መበለት አይደለችም፤ ባለትዳርም ናት ለማለት ይከብዳል። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) እንዲህ ያለችው ሴት አራት ዓመት ጠብቃ፣ ዒዳዋን ጨርሳ ማግባት እንድትችል ፈርደዋል። ኢማም ማሊክም ይህን ይዘዋል። ኢማም ሻፊዒ ግን በኋለኛው አቋማቸው የባሏ ሞት እስኪረጋገጥ ትጠብቅ ብለዋል። በኪታብ ላይ ስናነበው ቀላል ይመስላል። በወደብ ከተማ ግን የብዙ ቤት ጉዳይ ነበር። የሙዓሊም ስህተት እስከዚያ ቤት ድረስ ይደርሳል።

ሙዓሊም አህመድ በሥራቸው ጥብቅ የሆኑት ለዚህ ይመስለኛል። በ1462 ሐዊያ የተባለውን ግጥም፣ በ895 ዓመተ ሂጅራ (1490 ገደማ) ደግሞ ኪታብ አል-ፈዋኢድን ጨረሱ። ኪታቡ በ12 ክፍሎች ስለ ጨረቃ 28 መናዚል፣ ስለ ኮምፓስ 32 አቅጣጫዎች፣ ስለ ነፋስ ወራትና ስለ ወደቦች ያስተምራል። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀይ ባሕር ደሴቶችና የተሸሸጉ ዓለቶች ነው። የኮከብ ከፍታ የሚለካው በትንሽ ጣውላና ቋጠሮ ባለው ገመድ ነበር፤ መለኪያውም ጣት ይባላል። መርከብ ላይ የወጣ ሰው ጠሃራውን እንዲጠብቅና አላህን ከማስታወስ እንዳይዘናጋም ይመክራሉ።

እኚህ ሰው ከሞቱ በኋላ ከባድ ክስ ተነሳባቸው። በ1498 ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ደ ጋማ ከማሊንዲ ወደ ካሊኩት የተሻገረው በአንድ ሙስሊም መሪ እርዳታ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ የመካው ታሪክ ጸሐፊ ቁጥቡዲን አል-ነህረዋሊ መሪው ኢብን ማጂድ እንደነበሩ፣ ያውም ሰክረው መንገዱን እንዳሳዩ ጻፈ። ጸሐፊው የተወለደው በ1511 ነው፤ ነገሩን በዓይኑ አላየም። የፖርቱጋል ጸሐፊዎች ግን መሪው የጉጅራት ሰው ነበር ይላሉ። ሙዓሊም አህመድም በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ነበር። በዘመናችን ጉዳዩን የመረመሩ ምሁራን አብዛኞቹ ክሱን አይቀበሉትም። ይሁን እንጂ ወሬው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ዛሬም ድረስ ይነገራል። በሸሪዓችን በሕይወት ባለ ሰው ላይ እንኳ በእንዲህ ያለ ምስክርነት መጠጥ ጠጥቷል ተብሎ አይፈረድም።

ቀኑ የታወቀው የመጨረሻ ሥራቸው የ1500 ነው። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ይጠፋል። መርከበኞች ግን አልረሷቸውም። በ1854 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር ለመሄድ ከኤደን ወደ ዘይላ ሲሳፈር፣ የመርከቡ ሰዎች ጉዞ ሲጀምሩ ለሼህ ማጂድ ፋቲሓ ሲቀሩ ሰምቷል። ኮምፓስን የፈለሰፉ እርሳቸው ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህስ ተሳስተዋል፤ ኮምፓስ ከእርሳቸው በፊት የነበረ ነው። ፋቲሓው ግን ከ350 ዓመት በኋላም በእኛው ባሕር ላይ ይቀራ ነበር።