ጆን ሊያል

ጆን ላይንግ ሊያል (እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1858 – ማርች 13 ቀን 1914) አሜሪካዊ ሐኪምና የሕዝብ ጤና ባለሙያ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ለጀርሲ ሲቲ ከተማ የሚላከው የመጠጥ ውኃ ያለማቋረጥ በክሎሪን እንዲታከም በማድረጉ ነው። በአሜሪካ የአንድ ከተማ የመጠጥ ውኃ በቋሚነት በክሎሪን ሲታከም ይህ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎችና በመዋኛ ገንዳዎች ክሎሪንን እየመጠኑ የሚጨምሩ መሣሪያዎች የሚሠሩበት መሠረታዊ ሐሳብ በዚያ ጣቢያ በሥራ ላይ ውሎ ነበር።

የሕይወት ታሪክ

ሊያል የተወለደው በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው አንዲስ ነው። አባቱ ጆን ሮዝ ሊያልም ሐኪም ሲሆን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሰሜኑ ጦር ጋር ዘምቶ ወታደሮችን ያክም ነበር። በዘመቻው ላይ የያዘው የተቅማጥ በሽታ ከጦርነቱ በኋላም ሳይለቀው ለዓመታት ሲያሠቃየው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1882 ሞተ።

ቤተሰቡ ወደ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ወደ ፓተርሰን ከተማ የተዛወረው ሊያል ገና ልጅ ሳለ ነው። ሊያል እ.ኤ.አ. በ1880 ከፕሪንስተን፣ በ1884 ደግሞ ከኮሎምቢያ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ፓተርሰን በመመለስ በሐኪምነት መሥራት ጀመረ። ቆይቶም የከተማዋ የጤና ጥበቃ ኃላፊ ሆነ። በዚያ ዘመን ታይፎይድ፣ ዲፍቴሪያና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ሰው ይገድሉ ነበር። ሊያል የወረርሽኞችን መነሻ ይከታተል፣ በሽተኛ የነበረበትን ቤትም ክሎሪን ባዘለ የኖራ ዱቄት ያስጸዳ ነበር። ይህ ዱቄት ከዓመታት በኋላ ስሙን ያስጠራው ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የከተማውን ሥራ ትቶ የግል የውኃ ኩባንያዎች አማካሪ ሆነ።

የጀርሲ ሲቲ የውኃ ክርክር

ጀርሲ ሲቲ በሮካዌይ ወንዝ ላይ፣ ቡንተን በተባለ ቦታ ግድብና ማጠራቀሚያ እንዲሠራላት ከግል ኩባንያ ጋር ተዋዋለች። ውኃው እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ከተማዋ መፍሰስ ጀመረ። ከተማዋ ግን ውኃው በውሉ እንደተጠየቀው ንጹሕና ጤናማ አይደለም በማለት ኩባንያውን ከሰሰች። የመጀመሪያውን ችሎት የመሩት ዳኛ ፍሬደሪክ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሰጡት ውሳኔ፣ ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ቢሆንም በዓመት ጥቂት ጊዜ ከባድ ዝናብ ሲጥል ቆሻሻ ይዞ እንደሚገባ አረጋገጡ። ስለዚህ ኩባንያው በወንዙ ዳር ላሉት ከተሞች የፍሳሽ መስመር እንዲዘረጋ፣ ወይም ያንኑ ውጤት የሚያስገኝ ሌላ ዘዴ እንዲያቀርብ ታዘዘ።

የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ከዚህም በላይ ሊያል የፍሳሽ መስመር ቢዘረጋም ከእርሻና ከደጅ ታጥቦ የሚመጣውን ቆሻሻ ሁሉ አያስቀርም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ መረጠና ውኃውን በክሎሪን ለማከም ወሰነ። ኬሚካል በመጠጥ ውኃ ውስጥ መጨመር በወቅቱ በሕዝቡም በብዙ ባለሙያዎችም ዘንድ የሚያስፈራ ነገር ነበር። በእንግሊዝና በቤልጅየም ተሞክሮ የነበረ ቢሆንም፣ በአሜሪካ አንድም ከተማ በቋሚነት አልተጠቀመበትም። ሊያል አስቀድሞ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ሳያገኝ ከ200,000 በላይ ሰዎች በሚጠጡት ውኃ ላይ ሥራውን ጀመረ።

የጣቢያው አሠራር

የጣቢያውን ንድፍ ያዘጋጀው ስመ ጥሩው የውኃ መሐንዲስ ጆርጅ ፉለር ነው። ጣቢያው በ99 ቀናት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1908 ሥራ ጀመረ። በቀን 40 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 150 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ ያክም ነበር። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውኃ ከ0.2 እስከ 0.35 ሚሊግራም ክሎሪን ነበር። በዝቅተኛው መጠን ሲሰላ ለዚያ ሁሉ ውኃ በቀን የሚያስፈልገው 30 ኪሎግራም ያህል ክሎሪን ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ይህን ትንሽ መጠን ሳያበዙና ሳያሳንሱ ቀንና ሌሊት መጨመር ነበር። ክሎሪኑ ከበዛ ውኃው ይሸታል፤ ካነሰ ደግሞ ተሕዋስያኑ ይተርፋሉ። በፉለር ንድፍ ዱቄቱ በጋን ውስጥ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ወደ ትንሽ ሳጥን ይገባል። በሳጥኑ ውስጥ የፈሳሹ ከፍታ ሁልጊዜ እኩል እንዲሆን ስለሚደረግ፣ በቀዳዳው በኩል የሚወጣው መጠንም አይለዋወጥም። የሚታከመው ውኃ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የቀዳዳው ስፋት ይስተካከላል።

ሁለተኛው ችሎት

ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተሾሙት ዊልያም ማጂ ነበሩ። የከተማዋ ጠበቆች መርዝ ወደ ውኃው እየተጨመረ ነው የሚል ጥያቄ አነሡ። ሊያልም ውኃውን ራሱ እንደሚጠጣና ለቤተሰቡም ያለ ሥጋት እንደሚሰጥ መሰከረ። ማጂ እ.ኤ.አ. በ1910 ባቀረቡት ውሳኔ ዘዴው ተሕዋስያንን በብቃት እንደሚያጠፋና ውኃውንም እንደማይጎዳ አረጋገጡ።

ከዚያ በኋላ ዘዴው በፍጥነት ተስፋፋ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1900 ከ100,000 ሰዎች ውስጥ በዓመት 31 ያህሉ በታይፎይድ ይሞቱ ነበር፤ በ1940 ገደማ ይህ ቁጥር ወደ 1 ወረደ። ለዚህ ውጤት ክሎሪን ብቻ ሳይሆን ውኃን በአሸዋ ማጣራት፣ የፍሳሽ አወጋገድና የወተት ጥራት ቁጥጥርም አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ከመጠጥ ውኃ ወደ መዋኛ ገንዳ

በ1910ዎቹ መጀመሪያ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የመዋኛ ገንዳ ውኃ በክሎሪን መታከም ጀመረ። በ1913 ደግሞ ቻርልስ ዋላስና ማርቲን ቲርናን የክሎሪን ጋዝን መጥኖ ወደ ውኃ የሚጨምር መሣሪያ በኒው ጀርሲ ተከሉ። በዚህም የዱቄቱ ብጥብጥ ቀስ በቀስ በጋዝ እየተተካ ሄደ።

የገንዳ ውኃ ከቧንቧ ውኃ የሚለየው ተመልሶ በመዞሩ ነው። ፀሐይ፣ ላብና የዋናተኛው ብዛት ክሎሪኑን በየሰዓቱ ይቀንሱታል። የክሎሪን ኃይልም በውኃው ፒኤች ላይ ይወሰናል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል ያው መጠን ያለው ክሎሪን ይደክማል። ስለዚህ የገንዳ ፒኤች በአብዛኛው ከ7.2 እስከ 7.8 እንዲሆን ይደረጋል። በፉለር ጣቢያ ቀዳዳውን የሚያስተካክለው ሰው ነበር። የዛሬው መሣሪያ ግን ክሎሪኑንና ፒኤቹን በጠቋሚዎች ራሱ እየለካ፣ ጉድለት ሲያገኝ ትንሿን ፓምፕ ያስነሣል፤ ሲበቃም ያቆማታል። በብዙ ገንዳዎች የሚጨመረው ፈሳሽ በኢትዮጵያ ቤቶች በረኪና ተብሎ ከሚታወቀው ጋር አንድ ዓይነት ውህድ ነው።

ሞትና መታሰቢያ

ሊያል በ55 ዓመቱ በፓተርሰን ሞተ። ከዚያ በኋላ የወጡ ብዙ ጽሑፎች ለሥራው ምስጋናውን የሰጡት ከፉለር ጋር ይሠራ ለነበረው ለጆርጅ ጆንሰን ስለሆነ የሊያል ስም ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። የችሎቱ መዛግብት እንደገና ከተመረመሩ በኋላ ድርሻው ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 በፓተርሰን በሚገኘው መቃብሩ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመለት፤ የአሜሪካ የውኃ ሥራዎች ማኅበርም በስሙ ሽልማት ይሰጣል።